ድምፅ ሳናሰማ የገባን ቀን

እትዬ አየለች ቤት የሚሄድ ሰው ገና ከመንገድ ጀምሮ ድምፁን ያሰማል። የትም ያልተጻፈ የሰፈራችን ደንብ ነው። ወተት የምታመጣልን ጉያቱ መንገዱ ላይ ካለው ግራር ስር ስትደርስ በኦሮምኛ «አካም! ናጋ ነው!» እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነው ትላለች። ባለሱቁ ፋዲል «ሰላም ነው እትዬ፣ ስልክሽን ቻርጅ አድርጌ ነው» እያለ ይመጣል። እኔ አጥር ለአጥር የምኖረው እንኳ «ደህና ነው፣ ጨው ልበደር ነው» ብዬ ነው የምጀምረው። ለአንድ ጭብጥ ጨው ይህን ያህል መግለጫ የሚሰጥበት ሰፈር ከነገሌ ውጭ ያለ አይመስለኝም።

ምክንያቱ ልጇ እስራኤል ነው። መጀመሪያ ሻኪሶ ወርቅ ቁፋሮ ሄደ። አዲስ ጫማና የማይለቅ ሳል ይዞ ተመለሰ። ትንሽ ከረመና ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ጀመረ። በየደረሰበት በሰው ስልክ ይደውል ነበር። መጨረሻ የደወለው ታንዛኒያን ጨርሰን ወደ ማላዊ ልንሻገር ነው ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። ዝምታው ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል።

ከዚያ በኋላ ወደ እሷ በር የሚራመድ ሰው ሁሉ የእስራኤልን ነገር ይዞ የሚመጣ ይመስላታል። ሰው ሲመጣ ፊቱን አታይም፣ እጁን ነው የምታየው። ስልኳን በክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ልጁ የሚያውቀው ቁጥር እሱ ስለሆነ ሌላ ስልክ ግዢ ብትባልም እምቢ ብላለች። ለቅሶ ቤት ትሄዳለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፤ አታለቅስም። የራሷ እህት ስትሞት እንኳ ዓይኗ ደረቅ ነበር። አንድ ቀን ብጠይቃት፣ አንዴ ከጀመርኩ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ እሱን አልቅሼበት ብገኝስ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ዲቦራ የመጣችብን በዚህ ላይ ነው።

ዲቦራ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች፤ ትምህርቱም የስደትና የዳያስፖራ ጥናት ይባላል። ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ነው የተከራየችው። የትምህርት ክፍሏ ከውጭ አገር ገንዘብ አግኝቶ ኖሯል፤ ተማሪዎቹ ስለ ስደት ከክፍል ሆነው ብቻ ከሚያነቡ ይልቅ፣ የሄዱት ሰዎች ቤተሰቦች አጠገብ ተቀምጠው በተግባር እንዲማሩ ነው አለችኝ። እኔም ስደትን በተግባር ለመማር ከሆነ ምን አደከመሽ፣ ሞያሌ ደላላው ሞልቷል አልኳት። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ ሳቀች። ጥሩ ልጅ ናት። ውሃ በጋሪ በርሜል እንደሚገዛ ሁለት ቀን አስረድቻት በሦስተኛው ከባለጋሪው ጋር በኦሮምኛ «ናጋ ቡልቴ»፣ ደህና አደርክ እየተባባለች ስትከራከር አገኘኋት።

ገንዘብ ሰጪዎቹ ደግሞ ደንብ አላቸው። ተማሪ ብቻውን ሰው ቤት አይገባም። አካባቢው የሚያከብራቸው ሁለት ሽማግሌዎች አብረው ይገባሉ፤ ለእነሱም አበል ይታሰባል። ሰው እንዳይደነግጥና ሳይወድ እንዳይጠየቅ ነው አለች ዲቦራ። ክፉ ደንብ አይደለም። እኔ ራሴ ብሆን ያንኑ ነበር የማወጣው።

በሰፈራችን የሚከበር ሽማግሌ ሲፈለግ የእድር ሰው ነው የሚገኘው። ሊቀመንበሩ ጋሽ ኃይለሚካኤል ናቸው፤ አባታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ ቀሩ፣ እሳቸው ደግሞ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ ወጡ። ዛሬም ወንዝ ሲሉ ገባሩን ጨምረው ነው የሚነግሩህ። ሁለተኛው ፋዲል ነው፤ የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን ያስቀምጣል። ሁለቱ ያላንኳኩት በር የለም። ለምን እንዳንኳኩ ያሰበ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

እትዬ አየለችን አስቀድሜ ያነጋገርኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ ትምጣ፣ የምነግራት ካገኘሁ ልንገራት አለችኝ። ቀኑን ግን አልቆረጥንም። ቀን እንዳንሄድ ገበያ ናት፤ ሽንኩርትና በርበሬ ዘርግታ ፀሐይ ሲጠልቅ ነው የምትነሳው። ማታ ደግሞ ደክሟት ትገባና በሯን ትዘጋለች። ደጋግመን ሞከርን፣ ሳናገኛት ቀረን። አንድ ማታ ዲቦራን ጭንቅ ያዛት። የውጭ ገንዘብ ቢሆንም በዩኒቨርሲቲው በኩል ስለሚከፈል ሰኔ ሠላሳ ሒሳብ ይዘጋል፤ እስከዚያ ያልተሠራበት ይመለሳል። የተከራዩት መኪናም በማግስቱ ለሌላ ቃለ መጠይቅ ወደ ወደራ ከተማ ሊወስዳት ነው፤ ከዚያ ስትመለስ ሰኔ የለም።

ያኔ ጋሽ ኃይለሚካኤል ገበያ ሳትወጣ ማለዳ እንግባ አሉ። ሁላችንም ይሁን አልን። አሁን ሳስበው አራት ሰው ተሰብስቦ ይህን ያህል ባንዴ ማስተዋል ማጣቱ ይገርመኛል።

ማለዳው የሰኔ መጨረሻ ማለዳ ነው፣ ዳመናው ዝቅ ብሏል፣ ይበርዳል። መኪናው በጎርፍ የተቆረጠውን መንገድ ማለፍ ስላልቻለ ጥግ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። በእግር ሄድን። ጋሽ ኃይለሚካኤል ስለበረዳቸው ጋቢ ደርበዋል፣ ከዘራቸውን ይዘዋል። ፋዲል ከሱብሒ ሶላት በቀጥታ መጥቶ ኮፍያው ራሱ ላይ ነው። እኔ ነጠላዬን እስከ አፌ ተከናንቤያለሁ። ዲቦራ ደግሞ ስለ ጥናቱ የሚያስረዳውን ወረቀት ደረቷ ላይ አቅፋለች። ግራሩን አለፍን። ማንም ድምፅ አላሰማም። ፋዲል ሾፌሩን በስልክ ቆይ እያለ በሹክሹክታ ይለምናል። እኔ ትልቅ ሰው ከፊት እያለ ሴት ከመንገድ ትጮኻለች ወይ ብዬ ተውኩት። ጋሽ ኃይለሚካኤል በኋላ እንደነገሩኝ፣ እሳቸው ደግሞ ሴቶቹ ይላሉ ብለው ነው።

እትዬ አየለች በሩ ላይ ቆማ በጆግ ፊቷን ትታጠብ ነበር። ቀና አለች። ጋቢውን አየች። ኮፍያውን አየች። እኔን አየች። መጨረሻ ወረቀቱ ላይ ደረሰችና ዓይኗ እዚያው ቀረ።

«አየለች» አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል፣ «እስቲ ቁጭ በይ።»

ለጥያቄው እንዲመቻት ብለው ነው። እኔ ግን ከእሳቸው ጋር ለመርዶ ስሄድ ነው የኖርኩት፤ ሁልጊዜ የሚጀምሩት በዚህ ነው፣ በዚሁ ድምፅ። በዚያ ሰዓት ሌላ ድምፅ የላቸውም። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ነው ምን እንዳደረግን የገባኝ።

ጆጉ ወደቀ። ማን ነው፣ መቼ ነው፣ የት ነው ብላ አልጠየቀችም። የሚጠየቀውን ሁሉ ብቻዋን ስትጠይቅ ነው የኖረችው። አንድ ጊዜ «ልጄን» አለች፤ ከዚያ የወጣው ድምፅ ከአንድ ሰው ደረት የሚወጣ አልነበረም። ልትወድቅ ስትል ተወርውሬ ያዝኳት። ሥራ ያበላሸሁት ያኔ ነው፤ በመርዶ ላይ የምትያዘው ሴት የምትያዘው እንዲሁ ነውና። ከጀርባችን ጉያቱ ስትመጣ ይህን አየች። ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ያ ኢልመ ኮ! ያ ኢልመ ኮ!» ልጄን እያለች ገባች፤ የራሷን ልጅ የምታለቅስ ነበር የምትመስለው።

ከዚያ በየበሩ ሰው ወጣ። ጋሽ ኃይለሚካኤል ከዘራቸውን ከፍ አድርገው ኧረ ቆዩ፣ ኧረ አይደለም ይላሉ። በለቅሶ መካከል አይደለም የሚል ሰው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ያዘነ ነው የሚመስለው፤ ሁለት ሰዎች ደግፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው፣ አይዞዎት አሏቸው። የእድሩ ጎረምሶች የፋዲልን ሚስት ቁልፍ ጠይቀው ሸራውንና ቋሚውን ተሸክመው መጡ። ጥሩምባ እንኳ ሳይነፋ ድንኳኑ ቆመ። እድራችን ለሠርግ ወንበር ሲጠየቅ ሳምንት የሚፈጅ እድር ነው።

ዲቦራ ወረቀቷን እንዳቀፈች ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ምን አድርገን ነው?» አለችኝ።

«መርዶ አረዳን።»

«ማን ሞተና?»

«እሱንማ የምታውቂው ወረቀት የያዝሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። ከዚያ እጇን ይዤ አስገባኋት።

እትዬ አየለችን እንደምንም ከሴቶቹ ለይተን ጓዳ አስገባናት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ኃይለሚካኤል ቆመው ነገሩን አንድ በአንድ አስረዷት፤ ስለ ጥናቱ፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ ሰኔ ሠላሳ ጭምር። ስለ ሰኔ ሠላሳ ባይነግሯት ደስ ባለኝ። እሷ ጉልበቷን እያየች ሰማች። ሲጨርሱ ወደ ዲቦራ ዞረች።

«ከዚያ አገር የሰማሽው ነገር የለም?»

«የለም እትዬ።»

«ስሙንስ የትም አላየሽውም?»

«አላየሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ታዲያ አልሞተም?»

ዲቦራ ወደ ጋሽ ኃይለሚካኤል ዞረች። «አናውቅም አየለች። እንደ ትናንቱ ነው» አሉ።

ውጭ ሴቶቹ ሙሾ ጀምረዋል። እስራኤል ሲባል ይሰማል፤ ስለ ቁመቱ፣ ስለ ሳቁ፣ ሻኪሶ ገዝቶት ስለመጣው ጫማ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስሙን ከፍ አድርጎ የጠራው አልነበረም፤ እሷ ፊት እንፈራ ነበር። አሁን በግድግዳው በኩል ስሙ ይገባል፣ እሷም ጆሮዋን ጣል አድርጋ ትሰማለች። ፊቷ እርጥብ ነው። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ጫፉን ዘርግታ አየችው።

«እንደ ትናንቱስ አልችልም ጋሼ» አለች።

ጋሽ ኃይለሚካኤል አልገባቸውም መሰለኝ፣ አሁኑኑ ወጥቼ ለሕዝቡ እናገራለሁ፣ ስህተቱ የኛ ነው እላለሁ፣ ድንኳኑም ይነቀላል አሉ።

«ይቁም።»

«አየለች፣ ሕዝቡ እኮ ሰው ሞቷል ብሎ ነው የተቀመጠው። የእድሩ ደንብም ቢሆን...»

«ገንዘብ አልጠየቅኋችሁም። የጠየቅኋችሁ ጥላ ነው። እውነቱን ይንገሩላቸው፣ መሄድ የፈለገ ይሂድ። እኔ ግን ያ ድንኳን ስር መቀመጥ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን እንደምትመጡ አውቃለሁ። ሁልጊዜ ማለዳ እነሳና ዛሬ ይሆን እላለሁ። ይኸው መጣችሁ። ዛሬ መልሼ ብሰዳችሁ ነገ ደግሞ ልጠብቃችሁ ነው?»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ከሞተ የእናቱ ለቅሶ ደረሰው» አለች ረጋ ብላ። «ካለም በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ፤ አልሰሙም?»

ጋሽ ኃይለሚካኤል ሰምተዋል። ስለ እሳቸው እንኳ አንድ ጊዜ ከሐዋሳ ሐሰተኛ የሞት ወሬ መጥቶ ይህንኑ ተብለዋል፤ ይኸው ሰማንያ ሊደፍኑ ነው። ግን የደንብ ሰው ናቸው፣ ከዘራቸውን እያሽከረከሩ ቄሱ ምን ይላሉ፣ ሌላው አባል ነገ እኔም ብሎ ቢመጣስ እያሉ ያወጣሉ ያወርዳሉ። ፋዲል ነው የገላገላቸው።

«ጋሼ» አለ፣ «እኔ ይህን ድንኳን ስጠብቅ ጸጉሬ ሸበተ። በተተከለበት ቀን የነቀልንበት ጊዜ የለም። አሁን አንጀምር።»

ጋሽ ኃይለሚካኤል ወጡ። ድንኳኑ ስር ቆመው እውነቱን ተናገሩ፤ ሳይደብቁ፣ ሳያሳምሩ። የሞት ወሬ የለም፣ እኛ ነን ያስደነገጥናት፣ እሷ ግን መቀመጥ ትፈልጋለች አሉ። ከሴቶቹ አንዷ ለጉያቱ በኦሮምኛ ደገመችላት። ጉያቱ ራሷን ነቅንቃ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ጥቂቶች ቀሚሳቸውን እያራገፉ ተነሱ። መሄጃቸውን የፈለጉ ይመስሉ ነበር፤ ግን ሰው እያያቸው ስለሆነ ውሃ ልንቀዳ ነው፣ እንጨት ልንፈልጥ ነው እያሉ ወጡ። ከተናገሩ ደግሞ ምን ያደርጋሉ፣ ውሃና እንጨት ይዘው ተመለሱ።

ጥግ ላይ የቆመው መኪና ጡሩንባውን ነፋ። ዲቦራ ሄዳ መለሰችው። ብዙም ሳይቆይ መምህሯ ደወለላት፤ አጠገቤ ስለነበረች ድምፁ ይሰማኛል። ወደራ ለምን አልሄድሽም፣ የመኪናው ኪራይ በምን ይወራረዳል ይላል። ክፉ ሰው አይመስልም፣ የደከመው ሰው ነው። ለቅሶ ላይ ነኝ አለችው። የማን ብሎ ጠየቃት። ድንኳኑን ዞራ አየችው። ኋላ «የማን እንደሆነ አልታወቀም» ብላው ዘጋችው።

ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። «በተግባር ነው እንግዲህ» አልኳት አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ። እንድትስቅ ነበር፤ አልሳቀችም። ሳሙናውን አቀበለችኝ።

ማንንም አልጠየቀችም። ወረቀቷን አጣጥፋ ቤት ትታው መጣች። ድንኳኑ ስር ግን ሰው የሚጠበቀውን ያህል ስለ ስደት አላወራም። ለቅሶ እንደምታውቁት ነው፤ ግማሹ ቀን የከብት ገበያ፣ የዝናብ መዘግየት፣ የስኳር መጥፋት ነው። ከተልተሌ የመጡ አንድ ሽማግሌ ስለ ግመላቸው በሽታ ጀምረው እስከ ምሳ አልጨረሱም። እስራኤል በመሃል ብቅ ይልና ይጠፋል። በልጅነቱ የፋዲልን ሱቅ ጣሪያ በድንጋይ እንደመታ ተነሳ፤ ፋዲል እስከ ዛሬ የሚያፈሰው በዚያ በኩል ነው ብሎ ማለ። ሳቅን። እትዬ አየለችም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ አለቀስንላት።

ከምሳ በኋላ ፍራሹ ላይ ጭኔን ተንተርሳ ተኛች። አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን። ጎረምሶቹ አግዳሚ ይጎትታሉ፣ ሴቶቹ ብረት ድስት ያንኳኳሉ፣ የግመሉ ወሬ አላለቀም። ሰባት ዓመት ጆሮዋ በር ላይ የነበረ ሴት በዚያ ሁሉ ጫጫታ አልነቃችም። እግሬ ደንዝዞ የኔ መሆኑን እስክረሳ አልተነቃነቅኩም። ጋሽ ኃይለሚካኤል ፊት ለፊቷ ተቀምጠው በጋቢያቸው ጫፍ ዝንቡን እሽ ይሉላታል።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ። ሰውም ያጽናሽ ልበል ወይስ ያምጣልሽ ልበል ግራ እየገባው ተሰናበታት። ብዙው ሁለቱንም አለ።

ዲቦራ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ለገንዘብ ሰጪዎቹ ምን ብዬ ልጻፍ ብላ ጠየቀችኝ። ወደራ አልተሄደም፣ ቃለ መጠይቅ አልተደረገም፣ የቀረው ገንዘብ ይመለሳል፤ ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ተማሪ አይሰጡም። ቤቱ ሰው በዝቶበት ሥራው አልተመቸም በይ አልኳት። እሷ ግን ሽማግሌ ይዞ ሰው ቤት በማለዳ መግባት ክልክል ነው የሚል ደንብ እንዲጨምሩ ልጽፍ ነው አለች። ጨምሪበት አልኳት፣ ከመንገድ ጀምሮ ድምፅ ማሰማትንም ጨምሪ። ልትሄድ ስትል እትዬ አየለች በርበሬ ቋጥራ ሰጠቻት። ልጅቷ እንዳትቀየማት ነው የሰጠቻት ወይስ እሷ አለመቀየሟን ልታሳያት፣ እኔ አላወቅኩም።

በማግስቱ ማለዳ ጉያቱ ወተቷን ይዛ ስትመጣ በአጥሬ ቀዳዳ አየኋት። ግራሩ ስር ደረሰች፣ ልትጣራ አፏን ከፈተች፣ ተወችው። ለቅሶው ወጥቷል፣ ከእንግዲህ ምን ያስጮኻል ብላ ይሆናል። ቀስ ብላ ወደ በሩ ቀረበች። እትዬ አየለች ቀድማት ወጣች። ጥቁር ለብሳለች። ስልኳ ከጥቁሩ ላይ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ማን ነው ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣው?» አለች።

«አና፣ እኔ ነኝ። ጉያቱ ነኝ።»

«ጉያቱ ከሆንሽ ከመንገድ ጀምረሽ ተናገሪያ።»

ጉያቱ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጀሪካኗን አንስታ ወደ ግራሩ ተመለሰች፣ ስሩ ደርሳ ዞረች።

«አካም! ናጋ ነው!»

«ናጋ» አለች እትዬ አየለች፤ የወተቱን ዕቃ ልታመጣ ገባች።